መርዙ ይታወሳል፤ እሳቱስ?

ከቨርሷ ተነስቶ የሌማንን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ጄኔቫ የሚወርደው ባቡር ሻምቤዚን አልፎ ሴሸሮን ላይ ይቆማል። ከዚያ ወደ ፓሌ ዴ ናሲዮን፣ ማለት ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ዋና መሥሪያ ቤት፣ በእግር ይደረሳል። በሐይቁ ዳር መንደሮች የሚኖሩ ዲፕሎማቶች በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ በዚህ ሕንፃ ለአንድ ስብሰባ ይሰየማሉ። ስብሰባው የተወሰኑ መደበኛ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት የሚባለው ውል አባላት ጉባኤ ነው። ከውሉ ፕሮቶኮሎች ሦስተኛው ሰውንና ቤቱን ስለሚያቃጥሉ መሣሪያዎች ይደነግጋል። ድንጋጌው ቀዳዳ እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ ቀዳዳው ይደፈን የሚሉ አገሮችም ጥቂት አይደሉም። ጉባኤው የሚወስነው ግን በሙሉ ስምምነት ነው። አንድ አገር እምቢ ካለ ጉዳዩ ውሳኔ ማጣቱ ብቻ ሳይሆን አጀንዳ ላይ መያዙም ይቀራል። ላለፉት ዓመታት ሩሲያ ይህን እምቢታ ሳትሰለች ስታሰማ ቆይታለች።

በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ኢትዮጵያ ድምፅ የላትም። ውሉን አልፈረመችም፤ አላጸደቀችምም።

ይህ ለብዙ አንባቢ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ጄኔቫ ሲባል ለኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚታወሰው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነውና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያደናቅፏቸው ሞከሩ፤ እሳቸው ረጋ ብለው ጠበቁና በአማርኛ ተናገሩ። ፎቶግራፉ ከአዲስ አበባ ሳሎን እስከ ዋሽንግተን ምግብ ቤት ግድግዳ ድረስ ተሰቅሏል። ጄኔቫን የሚጎበኝ ኢትዮጵያዊም በፓሌ ዴ ናሲዮን ትልቁ አዳራሽ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ ምንም እንኳ ያ አዳራሽ ሥራ የጀመረው ከንግግሩ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት ቢሆንም። ንግግሩ የአገሪቱ ሜዳልያ ሆኗል። ሜዳልያ ደግሞ ይለበሳል እንጂ አይነበብም።

ቢነበብ የሚያስተዛዝብ ነገር ይገኝበታል። የክሱ እምብርት መርዝ ነው፤ ከአውሮፕላን እንደ ካፊያ የተረጨው፣ ወታደሩን፣ ገበሬውን፣ ከብቱንና የሚጠጣውን ውሃ የፈጀው የሰናፍጭ ጋዝ። ይህ በእርግጥ ተፈጽሟል። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 አምኗል፤ ለዚያውም የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ለአሥርታት ከተሰደበ በኋላ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱና የሕግ አማካሪዎቻቸው ከብዙው ግፍ መካከል መርዙን ከፊት ያሰለፉት በአሠቃቂነቱ ብቻ አልነበረም። መርዙ ሕግ ነበረው። የጄኔቫ ፕሮቶኮል የሚባለው ውል እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1925 በዚያችው ከተማ ተፈርሟል፤ ኢጣሊያ በ1928 አጽድቃዋለች፤ ኢትዮጵያም በ1935 ገብታበታለች። ከሳሽ የሚከሰው ሕግ ስም ባወጣለት ነገር ነው።

እሳቱ ስም አልነበረውም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ነበሩ፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ነበሩ፤ ስለዚህ የሆነው ነገር በደንብ ተዘግቧል። ከወረደው ቦንብ ብዙው የእሳት ቦንብ ነበር። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልም ተመታ። የእሳት ቦንብ የሣር ክዳን ባለው ከተማ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በነፋሻ የኅዳር ወር አንድ ጎጆ ሲነድ ያየ ሰው ያውቀዋል። መጋቢት 20 ቀን ተራው የሐረር ሆነ። ከተማዋ ጦር የማይሰፍርባት፣ ለመከላከያ የማትውል ከተማ መሆኗ አስቀድሞ ታውጆ ነበር፤ በቦንብና በእሳት ተመታች፤ የሚሲዮን ሆስፒታሎችም አልተረፉም። በዓመቱ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት፣ በአዲስ አበባ ቤት ከነሰዉ ነደደ። ለዚያኛው አውሮፕላን እንኳ አላስፈለገም፤ ቤንዚን በቃ።

ሕጉ ለምን ዝም አለ? አላሰበበትም እንዳይባል አስቦበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 በሴንት ፒተርስበርግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ክብደቱ ከ400 ግራም በታች የሆነ፣ የሚፈነዳ ወይም የሚቀጣጠል ነገር የተሞላ ጥይትን በመካከላቸው ከልክለዋል። ስለዚህ አንድን ወታደር የሚያቃጥል ትንሽ ጥይት ከአድዋ ድል 28 ዓመት ቀድሞ ወንጀል ሆነ፤ አንድን ከተማ የሚያቃጥል ትልቅ ቦንብ ግን ሚዛኑ ስለከበደ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1932 በጄኔቫ የተከፈተው የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ ደግሞ ነገሩን በቀጥታ ያዘው። እንግሊዝ በመጋቢት 1933 ያቀረበችው ረቂቅ መርዝን፣ ተሕዋስያንንና እሳትን በአንድ ላይ የሚከለክል ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጀርመን ጉባኤውን ጥላ ወጣች፤ ረቂቁም ከጉባኤው ጋር ሞተ። ደሴ የነደደችው ሁለት ዓመት ገደማ ከሆነው የወረቀት ሬሳ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ትዝታ የሠራውን ማየት ያስፈልጋል። ትዝታው የጄኔቫን መዝገብ ተከትሎ ነው የተጻፈው። ጄኔቫ የከለከለችውን ያለቅሳል፤ ጄኔቫ ያለፈችውን ያልፋል። «የመርዝ ጢስ» በአማርኛ የቆመ ስም ነው፤ አያት ለልጅ ልጅ ይነግረዋል፣ ተማሪ በፈተና ይመልሰዋል። ለሌላው ግን የረጋ ስም የለም። ዜናው «ተቀጣጣይ መሣሪያ» ይላል። ቃሉን ትንሽ ቆም ብሎ ለሚያየው ስሕተቱ ግልጽ ነው፤ ተቀጣጣይ ማለት እሳት የሚይዘው ነገር ነው። ተቀጣጣዩ ጎጆው ነው፣ ቆዳው ነው፤ ቦንቡ አቀጣጣይ ነው። በአማርኛ ሰዋስው ገዳዩ የሟችን ስም ይዞ ይዞራል።

ስዊዘርላንድም ከዚህ ታሪክ ጎን እንደ ገለልተኛ ባለቤት ብቻ አልቆመችም። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት ከነበሯት እጅግ ጥቂት ፀረ አውሮፕላን መድፎች መካከል የዙሪኩ ኤርሊኮን ይገኝበታል። ጦርነቱ ሲጀመር የስዊስ መንግሥት የጦር መሣሪያ ማዕቀቡን በወራሪውም በተወራሪውም ላይ እኩል ጣለ። የራሱ ፋብሪካ፣ የራሱ አውሮፕላን ለነበረው ወገን ይህ ምንም አልነበረም፤ ሰማዩ ባዶ ለሆነበት ወገን ግን ፍርድ ነበር። በታኅሣሥ 1936 ደግሞ ያው መንግሥት የኢጣሊያን የኢትዮጵያ ባለቤትነት ለማወቅ ከተሽቀዳደሙት አንዱ ሆነ።

የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ነገርም አለ። ፕሬዚዳንቱ ማክስ ሁበር የዙሪክ ሰው ነበሩ፤ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ ሕግ ያስተማሩ፣ በሄግ የዓለም ፍርድ ቤት የዳኙ ትልቅ ሊቅ። በዚያው ጊዜ በኢጣሊያ ፋብሪካዎች የነበሩት የአንድ ስዊስ አሉሚኒየም ኩባንያ የቦርድ ሰብሳቢም ነበሩ። የኮሚቴው ልዑካን ሲድኒ ብራውንና ማርሴል ጁኖ ከኢትዮጵያ ያዩትን ጻፉ፤ ጁኖ በቆረም በመርዙ የተላጡ ሰዎችን በዓይኑ አይቷል። በሚያዝያ 1936 የመንግሥታት ማኅበር ኮሚቴውን ስለ መርዙ በእጅህ ያለውን ስጠን ብሎ ጠየቀ። ኮሚቴው ገለልተኝነቱን ጠቅሶ አልሰጥም አለ። ብራውን ከሥራው ተሰናበተ። ይህን ሁሉ ከማኅደሩ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመው የራሱ የኮሚቴው የቀድሞ ልዑክ ራይነር ባውደንዲስተል ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ሕግ ስም ያወጣለት መርዝ እንኳ ይህን ያህል ከተደበቀ፣ ስም የሌለው እሳት ማን ይመሰክርለት ነበር?

እስከዚህ ያለው ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምቹ ነው፤ በዳዩ ሌላ ነው። ከዚህ ወዲያ ምቾቱ ያበቃል።

ዓለም ለእሳቱ ሕግ ያወጣው ከቬትናም በኋላ ነው። ናፓልም ያቃጠላቸው ሕፃናት ፎቶግራፍ ዓለምን አዞረ፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 1980 ሦስተኛው ፕሮቶኮል በጄኔቫ ተቀበሉት። ጽሑፉን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ቃል በቃል ማንበብ ይጠቅማል። አቀጣጣይ መሣሪያ የሚለው «በዋነኝነት» ለማቃጠል የተሠራውን ነው። ለጢስ፣ ለብርሃን ወይም ለምልክት ተሠርቶ በአጋጣሚ የሚያቃጥለውን አይጨምርም። ነጭ ፎስፎረስ በዚህች አንዲት ቃል ሥር ሾልኮ ይወጣል። ንጥረ ነገሩ አየር ሲነካው በራሱ ይነዳል፤ አየር ሲያጣ ይታፈናል፤ ሐኪም ፋሻውን ሲፈታ ቁስሉ ውስጥ የቀረው ቁራጭ እንደገና ሊነድ ይችላል። ግን ለጢስ መጋረጃ ነው የተሠራው ከተባለ፣ ለፕሮቶኮሉ አቀጣጣይ አይደለም። በ2004 በፋሉጃ፣ በ2009 በጋዛ፣ በ2023 በደቡብ ሊባኖስ የሰማይ ላይ ነጭ ቅርንጫፎቹን ዓለም አየ፤ ጠበቆቹ «በዋነኝነት» አሉ። ሁለተኛው ቀዳዳ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሰላማዊ ሰው በተከማቸበት ስፍራ ውስጥ ያለን ወታደራዊ ዒላማ ከአውሮፕላን በተጣለ እሳት መምታት በማናቸውም ሁኔታ ክልክል ነው። እሳቱ ከምድር፣ በመድፍ ወይም በሮኬት ከተተኮሰ ግን ዒላማው ከሰላማዊው ሰው በግልጽ የተለየ ከሆነና ጥንቃቄ ከተደረገ ይፈቀዳል። እንደ አተኳኮሱ የሚለያይ ቃጠሎ ያለ ይመስል።

ሦስተኛውን ቀዳዳ ግን በጄኔቫ ብዙም የሚያነሳው የለም፤ ኢትዮጵያን የሚነካው እሱ ነው። የ1980ው ውል የተጻፈው በመንግሥታት መካከል ለሚደረግ ጦርነት ነበር። መንግሥት በራሱ ግዛት፣ የኔ በሚለው ሕዝብ ላይ እሳት ቢጥል ውሉ አያየውም። ይህ የተስተካከለው ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 በተደረገ ማሻሻያ ነው፤ ለተቀበሉት ብቻ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አየር ኃይል ምን ይሠራ ነበር?

አፍሪካ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ሰፊ ዘገባ በኤርትራና በትግራይ የወረደውን ናፓልምና ክላስተር ቦንብ በቦታና በጊዜ መዝግቧል። ሐውዜን ከአየር የተደበደበችው ረቡዕ፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በገበያ ቀን ነው። የሟቹ ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ 1,800 የሚል አለ፣ 2,500 የሚል አለ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር እጅ ከወደቀች በኋላ ወደቧና መንደሮቿ ለወራት ተደበደቡ፤ ናፓልሙና ክላስተሩ በከተማዋ ላይ ወረደ፤ ለተራበ ሕዝብ የመጣ የእርዳታ እህል በመጋዘኑ ነደደ። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያን የሚያስራት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1969 ያጸደቀቻቸው የጄኔቫ ውሎች አንድ የጋራ አንቀጽ ነበር፤ ሦስተኛው። እሱም እጅ የሰጠን፣ ከጦርነት ውጭ የሆነን ሰው አትግደል ይላል፤ ስለ መሣሪያ አንድም ቃል የለውም። የእርስ በርስ ጦርነትን የሚመለከተውን የ1977 ተጨማሪ ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1994 ነው። ምጽዋ የነደደችው ልክ እንደ ደሴ ሕግ ባልነበረበት ስፍራ ነው። ልዩነቱ አብራሪው አማርኛ መናገሩ ነው።

ታዲያ ይህ በአማርኛ እንዴት ይወራል? ስለ ሐውዜን ሲነሳ ክርክሩ ወዲያው አንድ ጥግ ላይ ይሰበሰባል፤ ካሜራውን ማን ይዞ ነበር? ሕወሓት አውሮፕላን እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ወይ? ሕዝቡን አውቆ አስፈጅቷል ወይ? ጥያቄው መጠየቁ ነውር የለውም፤ ለፖለቲካ ድርጅት ማንም ጠበቃ እንዲቆም አይፈለግም። የሚያሳፍረው ሌላ ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ የዘለቀ ክርክር ስለ ቀራጩ እያወራ ስለ ጣዩ ዝም ማለቱ። አውሮፕላኑ የማን ነበር? ትእዛዙን የፈረመው ማን ነው? የደሴን ቃጠሎ ያነሱትን የውጭ ጋዜጠኞች ማንም «ለምን ካሜራ ይዛችሁ ተገኛችሁ» ብሎ አልጠየቀም። የኢጣሊያ ፋሺስቶች ብቻ ጠይቀዋል።

ሥነ ጽሑፉም ዕዳ አለበት። የኢጣሊያ ዘመን በአማርኛ ልብ ወለድ፣ በትዝታ መጽሐፍ፣ በመድረክ ተደጋግሞ ተጽፏል፤ መጻፍም ነበረበት። የሰሜኑን ጦርነት ከውስጡ ሊጽፍ የደፈረው በዓሉ ግርማ ግን ኦሮማይ ከገበያ ተለቅሞ፣ እሱም በ1976 ዓ.ም. ጠፍቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ ቢቀንስም ዝምታው አልቀነሰም። በትግርኛ ሐውዜን ሐውልት አላት፣ ዕለት አላት፣ እንጉርጉሮ አላት። በአማርኛ ያላት ነገር ጥርጣሬ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ቢሆን እንኳ ይከብድ ነበር። አላለፈም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በትግራይ ሰላማዊ ሰዎች ላይ የታየ ቃጠሎ ከነጭ ፎስፎረስ ጋር ይመሳሰላል የሚል ዘገባ አወጣ። መንግሥት አስተባበለ። ጉዳዩ በገለልተኛ አካል ተጣርቶ እልባት አላገኘም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ማንበብ የሚቻለው የማስተባበያውን ቃል ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የተከለከለ መሣሪያ እንዳልተጠቀመች፣ ዓለም አቀፍ ግዴታዋንም እንደምታከብር ገለጸ። የተከለከለ? በየትኛው ውል? የትኛው ግዴታ? እሳትን የሚመለከተውን ፕሮቶኮል አገሪቱ አልፈረመችም። ሚኒስቴሩ ያስተባበለው ያልገባበትን ውል ጠርቶ ነው። ሰላማዊ ሰውን ዒላማ ማድረግ በልማዳዊው ሕግ ለሁሉም ክልክል መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ልማዳዊ ሕግ በጄኔቫ ዓመታዊ ስብሰባ የለውም፣ ሪፖርት አይጠይቅም፣ ወንበር አይሰጥም።

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ ወራሪን ከአገር መንግሥት ጋር ማስተካከል ይቅር የሚል ነው። ማንም አላስተካከለም። ሙሶሊኒ ሊገዛ የመጣ ባዕድ ነበር፤ ደርግ አገር አንድ አደርጋለሁ ያለ መንግሥት ነበር። ልዩነቱ ለታሪክ ጸሐፊ ብዙ ነው፤ በምጽዋ ወደብ ለነበረው ሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ከላይ የሚወርደው ነገር ሲነካ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም? ናፓልም በውሃ አይጠፋም።

ሁለተኛው ክርክር የተማረውና በተለይ በውጭ የሚኖረው የሚወደው ነው። ይህ ሕግ የነጮች ሕግ ነው፤ ቀዳዳውን የተዉት ለራሳቸው ነው፤ ኢትዮጵያ በ1928 የተከዳችበት አዳራሽ ሄዳ ምን ትፈርማለች? ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው፤ አሜሪካ ፕሮቶኮሉን በ2009 ስታጸድቅ እንኳ ይጠቅማል ባልኩበት ጊዜ እጠቀማለሁ የሚል ቁጥብነት አስይዛ ነው። ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልጋል። አውሮፓ ለራሷ በተወችው ቀዳዳ የገባው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ነው። ሕጉ አድሏዊ ነው ብሎ ከሕጉ ውጭ የቀረው መንግሥት በዚያ መቅረት ከአውሮፓ ያተረፈው ነገር የለም፤ ነፃነቱን ያገኘው ከሐውዜንና ከምጽዋ ሰው ላይ ነው። ስለ ቅኝ ግዛት የሚነገር ትክክለኛ ንግግር ለአዲስ አበባ ባለሥልጣን መጠለያ ሲሆን ማየት፣ ንግግሩን ለሚወድ ሰው ሊያምመው ይገባል።

ደግሞም አስቡት። በየኅዳሩ «በዋነኝነት» የምትለው ቃል ትውጣ ብለው የሚሟገቱት የአየርላንድ፣ የኦስትሪያ፣ የሜክሲኮ መልእክተኞች ናቸው። ደሴንና ሐረርን ጠቅሶ፣ የ1933ቱን ረቂቅ አንስቶ፣ ይህ ክልከላ ከኛ በፊት ተጽፎ ከኛ በፊት ሞቶ ነበር ብሎ የሚናገር አገር በዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖር ከማንም ቃል የሱ ይከብድ ነበር። እንዲያ ለመናገር ግን ምጽዋንም መጥራት ግድ ነው፤ የኤርትራ መልእክተኛ፣ ወይም ከቨርሷ በባቡር የመጣ ማንኛውም ወጣት የሕግ ባለሙያ፣ የ1991ዱን ዘገባ ከፍቶ ይጠይቃልና። ምናልባት ያልተፈረመበት ምክንያት ይኸው ይሆን?

ሥራው ከባድ አይደለም። ኢትዮጵያ የፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ውል በ1997 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ መንገዱን ታውቀዋለች። ወደዚህኛው ውል ለመግባት አንድ መንግሥት ከፕሮቶኮሎቹ ቢያንስ ሁለቱን መቀበል አለበት። ሁለት ብቻ መርጦ ሦስተኛውን መተው ይቻላል ማለት ነው፤ የ2001ዱን ማሻሻያም መተው ይቻላል። ስለዚህ ረቂቅ አዋጁ አንድ ቀን ለተወካዮች ምክር ቤት ቢቀርብ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ርእሱ ሳይሆን የቁጥሩ ዝርዝር ነው፤ ሦስተኛው ፕሮቶኮል አለበት ወይ፣ ማሻሻያውስ አብሮ አለ ወይ፣ የአማርኛው ቅጂስ «ተቀጣጣይ» ይላል ወይስ «አቀጣጣይ»?